ስለ «ፖፐርስ» ታሪክ፤ የአዳም ዝሚት መጽሐፍ ሲመረመር

አዳም ዝሚት በ2021 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር እንዲሁ ነው) በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ዲፕ ስኒፍ» የተባለው መጽሐፍ፣ በአፍንጫ የሚማግ አንድ ፈሳሽ ከሐኪም እጅ ወጥቶ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የጭፈራ ቤት ምልክት እስከ መሆን እንዴት እንደ ደረሰ ይተርካል።

ፈሳሹ አሚል ናይትራይት ይባላል። በ1844 ፈረንሳዊው ኬሚስት ባላር ሠራው፤ በ1867ም ስኮትላንዳዊው ሐኪም ብረንተን ተኑ የደም ሥርን አስፍቶ የደረትን ውጋት እንደሚያስታግሥ አስታወቀ። በቀጭን ብርጭቆ ታሽጎ ሲሰበር ከሚያሰማው ድምፅ የተነሣ «ፖፐርስ» ተባለ። በ1970ዎቹም በአሜሪካ ከተሞች የዚሁ ፈሳሽ ዘመዶች የክፍል ሽታ ማሳመሪያ እየተባሉ በትንንሽ ጠርሙስ ይሸጡ ነበር። በ1981 ኤድስ በታወቀ ጊዜ አንዳንድ ተመራማሪዎች ተኑን ተጠራጠሩ፤ ቫይረሱ በ1983 ከተገኘ በኋላ እንኳ ጥርጣሬው ቶሎ አልጠፋም። ፈሳሹ በእውነት አደገኛ ነው፤ ከቪያግራ ጋር ሲወሰድ የደም ግፊትን እጅግ ያወርዳል፤ ቢጠጣም ይገድላል። ነገር ግን የነገሩ ጉዳት ሌላ፣ በተጠቃሚው ላይ የሚጣለው ነቀፋ ሌላ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጤሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል፤ ትምባሆ የሌላ ሃይማኖት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበርና። ዛሬም በቦሌ ስለ ሺሻ ቤት ሲወራ ከሳንባው ይልቅ የሚነሣው የተሰብሳቢው ጠባይ ነው። ሺሻን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ግን የጤና ሕግ ነው።

የመጽሐፉ ጉድለት ሁለት ነው። ደራሲው ስለሚመኘው ነጻ ዘመን ሲናገር ተስፋው ማስረጃውን ይቀድመዋል፤ ማስረጃውም በአብዛኛው ከብሪታንያና ከአሜሪካ አይወጣም። ስለዚህ የለንደንን ታሪክ በቦሌ ላይ መለጠፍ ስሕተት ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታን ግንኙነት ስለሚቀጣ፣ ይህን ታሪክ በአገራችን የሚያጠና ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የተናጋሪውን ስም፣ ቤትና ሰፈር መሰወር ግዴታው ነው። ይህን ማድረግ የማይችል ጥናቱን ባይጀምር ይሻላል። መጽሐፉን ግን ዕቃውን ከሰዉ ለይቶ መመርመርን ስለሚያስተምር ተማሪዎቻችን ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።