ውለታና ወጥመድ፤ «ደጉ ሰው» በአማርኛ ልብ ወለድ

ስለ ጠለፋ ማስተማር አያስቸግርም። ጠለፋ ስም አለው፤ ፈረስ አለው፤ ጩኸት አለው። ግጭቱ በአንድ ሌሊት ስለሚፈጠር ትልም ለሚያዋቅር ደራሲም ምቹ ነው። አስቸጋሪው ሌላው፣ ዝግተኛው ነው። ባለሥልጣኑ ወይም ባለሀብቱ ለችግረኛይቱ ልጅ መጀመሪያ ደብተር፣ ቀጥሎ የቤት ኪራይ፣ ከዚያም ለእናቷ መድኃኒት እየገዛ «እምቢ» የሚለውን ቃል ከአፏ ቀስ በቀስ የሚወስድበት መንገድ ነው። «ማባበል» እንዳንለው ቃሉ የለቅሶ ማስቆሚያ ነው፤ «ማማለል» እንዳንለው ውበትን ያስታውሳል፤ «ሹገር ዳዲ» የሚለው የከተማ አባባል ደግሞ ነገሩን ወደ ቀልድ ይወስደዋል። ልብ ወለዶቻችን ይህን ሰው እንዴት ሣሉት? የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ከጣና ዳር እንነሣ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ልብ ወለድ የሚንቀሳቀሰው በውለታ ነው። በጦርነት የተማረከውን የጦር አለቃ የማያውቀው ነጋዴ በገንዘቡ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋህድ ያንን ውለታ ለመመለስ ከቤት ይወጣል፤ እሱም በተራው ይጠፋል። እህቱ ጦቢያ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ስትነሣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ይህን ልብስ መለወጥ የትልም ማወሳሰቢያ ብቻ አድርገን የምናልፍ ብዙዎች ነን፤ እኔም ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ። ሆኖም ሴት ልጅ በመንገድ ላይ ሴት ሆና መታየት እንደማይበጃት ደራሲው አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መጨረሻው ነው። ነጋዴው ሰጥቶ ምንም አልጠየቀም። ንጉሡም ለምርኮኞቹ ደግ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ክርስትና ተነሥቶ ጦቢያን ያገባል። ደራሲው ሁለቱን ደግነቶች በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል፤ ጋብቻውንም የሃይማኖት ድል አድርጎ ያቀርበዋል። አባቷም እሷም በሰውየው እጅ ያሉ ልጅ «እሺ» ስትል እሺታው ምን ያህል የራሷ ነው? ልብ ወለዱ ይህን አይጠይቅም። በዘመኑ ይጠይቅ ነበር ማለትም አይቻልም። ወቀሳው መቶ ዓመት ሙሉ ሳንጠይቅ ባለፍነው በእኛ በሐያስያኑ ላይ ነው።

ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ስንሻገር ሐዲስ ዓለማየሁ ሳያስበውም ቢሆን አንድ ብልሃት እንደ ሠራ እናያለን። በዛብህ አስተማሪ፣ ሰብለ ወንጌል ተማሪ ናት፤ ግን ድኻው አስተማሪው፣ የጌታ ልጅ ተማሪዋ ናት። የመምህርነቱን ሥልጣን የፊታውራሪ መሸሻ ማዕረግ ይሽረዋል። መምህርና ተማሪ ሲዋደዱ የአንባቢ ልብ የማይሠጋው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ይህን ክፍል ለዓመታት የንጹሕ ፍቅር ምሳሌ አድርጌ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ጋር እየሣቅሁ ነው። አንድ ቀን ትምህርቱ ካለቀ በኋላ አንዲት ተማሪ ቀረት ብላ፣ «መምህር፣ ሰብለ የድኻ ልጅ፣ በዛብህ የፊታውራሪ ልጅ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ፍቅር ይባል ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለምን እንደ ጠየቀችኝም አልጠየቅኋትም፤ ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው።

«ሴተኛ አዳሪ» በ1956 ዓ.ም. እናኑ አጎናፍር በሚል የብዕር ስም ወጣ፤ ባለ ብዕሩ ነጋሽ ገብረ ማርያም ነው። ወንድ ደራሲ የሴት ስም ለብሶ በ«እኔ» መተረኩ የሚያስነሣው ክርክር ብዙ ነው፤ እዚህ አንገባበትም። ለእኔ የሚበልጠው ርእሱ ነው። ቋንቋችን ለሴትዮዋ «ሴተኛ አዳሪ»፣ «ጋለሞታ» እያለ ስም አበጅቷል። እዚያ ላደረሳት ሰው ግን መጠሪያ የለውም፤ የመጽሐፍ ርእስ ሊሆን የሚችል መጠሪያማ ከቶ የለውም።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከልብ ወለዱ ቀድሟል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን በፈቃዷ ካገባ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ሽሯል። አንቀጽ 626 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 የሆኑ ልጆችን ይመለከታል፤ ተበዳይዋ የበዳዩ ተማሪ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም በእርሱ ሥር ያለች ከሆነች ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። የአንቀጽ 625 ነገር ግን ግራ ያጋባል። የአንዲትን ሴት ችግር ወይም ጥገኝነት መሣሪያ ያደረገውን አሳዳጊ፣ አስተማሪና አሠሪ በስማቸው ይጠራል፤ የሚቀጣው ግን በቀላል እስራት ነው፤ ያውም እሷ አቤት ስትል። የበላችበትን እጅ ማን ይከሳል?

ነገሩ የሴት ልጆች ብቻ እንዳልሆነም ጃሪ ይመሰክራል። ወሎ ውስጥ ከ1977ቱ ረሀብ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ያደጉበትን፣ በአንድ የስዊዘርላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተቋቋመውን የሕፃናት መንደር ይመራ የነበረ እንግሊዛዊ፣ ወንዶች ልጆችን በማስነወር እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበታል። የልጆቹ እንጀራ፣ ልብስና ትምህርት የሚመጣው እሱ ከሚመራው ቤት ነበር። የረሀቡን ዘመን ልብ ወለዶች ስናነብ እርዳታው ደረሰ ወይስ ተሰረቀ ብለን እንጠይቃለን። ደርሶ ምን አስከፈለ ብለን አንጠይቅም።

በባሕር ዳር ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል ከገጠር አምልጣ መናኸሪያ የምትወርደውን ልጅ የሚቀበላት ደላላ ነው። ቀን ሠራተኛ፣ ማታ ተማሪ ትሆናለች። አንድ «ዘመድ» ይገኝላታል፤ በእሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ዓሣ ይጋብዛታል፤ ፈተናዋን፣ ታናናሾቿን ይጠይቃታል። ደራሲዎቻችን ከዚህ ወዲያ ያለውን፣ የሆቴሉን በር፣ ደኅና አድርገው ይጽፉታል። እኔ የምጓጓው የዓሣውን ምሳ በሃያ ገጽ ለሚጽፍልኝ ነው፤ ክፋት የሌለበት እስኪመስል ድረስ፣ አንባቢም ሰውየውን እስኪወደው ድረስ።

በዚህ ሴሚስተር የበዛብህን ምዕራፍ ከመጀመሬ በፊት የዚያችን ተማሪ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት። ክርክሩ ክፍለ ጊዜውን በላው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሳንደርስ ሰዓቱ አለቀ።