ጨለማ ውስጥ የማይዋኝ ዓሣ

መብራቱ ድንገት ሲጠፋ የአምስት ቀን ዕድሜ ያለው የዜብራ ዓሣ ጫጩት ወዲያ ወዲህ መሯሯጥ ይጀምራል፤ ሲበራ ረገብ ይላል። ባለ 96 ጉድጓድ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ለየብቻ የተቀመጡት ጫጩቶች ምን ያህል እንደዋኙ ካሜራ ይለካል። የብር ናኖ ቅንጣት በተጨመረበት ውሃ ያደገው ጫጩት በጨለማው ካልተነቃነቀ፣ ነርቩ ተጎድቷል ለማለት ያስቸኩላል። ሥራውን የሚያውቅ ተመራማሪ ግን መጠርጠር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዓሣው የደቡብ እስያ ነው። ወደ ዘረመል ምርምር በሰፊው እንዲገባ መንገዱን የጠረገው በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆርጅ ስትራይሲንገር ሲሆን፣ ዋና ጽሑፉ በ1981 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሽሉ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አንጎሉ ሲሠራ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉም በዓሣው ውስጥ አቻ አላቸው።

ችግሩ ያለው ከዓሣው ይልቅ ውሃው ውስጥ ነው። ብር ውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሟ አዮን ይለቃል፤ አዮኑም ራሱ መርዝ ነው። ስለዚህ ከጎን ሲልቨር ናይትሬት ብቻ የተጨመረበት ሳህን ካልተዘጋጀ፣ ጉዳቱን ያደረሰው ቅንጣቱ ይሁን አዮኑ መለየት አይቻልም። ያለዚህ ማነጻጸሪያ የቀረበ ውጤት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አያራምድም። የማሳደጊያው ውሃ ጨው አለበትና ቅንጣቶቹ በደንብ እንዳልተበጠበጠ በሶ ይጓጉላሉ፤ ወደ ታችም ይዘቅጣሉ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠንና ጫጩቱን የነካው መጠን ያኔ ይለያያሉ። ልኬቱ በዚያው ውሃ፣ በመጀመሪያም በመጨረሻም፣ መደገም አለበት።

የእንቁላሉ ሽፋንም አለ። ቀዳዳዎቹ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሱ ናቸው። ነጠላ የብር ቅንጣቶች ሲያልፉባቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ከቨርጂኒያ በወጣ ጥናት ታይቷል፤ የተጓጎለው ግን ደጅ ይቀራል። ሽፋኑን በፕሮኔዝ ኢንዛይም መግፈፍ ይቻላል፤ የተገፈፈ ሽል ግን በቀላሉ ይቀደዳል።

ዋና አለመቻሉ ራሱ ብዙ መንስኤ አለው። የመዋኛ ከረጢቱ አየር ያልያዘ፣ አከርካሪው የጎበጠ ወይም ዓይኑ የተጎዳ ጫጩት አንጎሉ ጤነኛ ሆኖም ላይሯሯጥ ይችላል። ስለዚህ ከካሜራው በፊት ማይክሮስኮፕ ይቀድማል፤ ምላሽ መስጠቱን ለማየትም ጭራው በቀጭን ፀጉር ይነካል።

ጊዜውም ይወስናል። አንጎልን ከደም የሚለየው አጥር መጥበቅ የሚጀምረው በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። የነርቭ አፈጣጠር መዛባቱን የሚጠይቅ ቅንጣቱን እንቁላሉ በዳበረ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ መድኃኒት ተሸካሚ ቅንጣት አጥሩን ማለፉን የሚጠይቅ ደግሞ አጥሩ እስኪቆም ይጠብቃል።