ድፍድፉ ዝም ሲል

የጠላ ጠማቂን ሙያ መመዘን የፈለገ ሰው ጠላውን ከመቅመሱ በፊት እንኩሮው ሲታመስ ቢያይ ይሻላል። ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር የሚኖሩ፣ በሰፈሩ ድግስ ያለበት ሁሉ የሚጠራቸው አንዲት እናት አሉ። እንኩሮ ሲያምሱ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ አሁንም ቢሆን ዓይኔን ከእጃቸው ላይ መንቀል አልችልም። የገብሱን ዱቄት ገበቴ ላይ ዘርግተው ውሃ እያርከፈከፉ በጣቶቻቸው ያሹታል። ሊጥ እንዲሆን አይፈልጉም፤ ደረቅ ዱቄት ሆኖ እንዲቀርም አይፈልጉም። ጨበጥ ሲያደርጉት ይያዛል፣ መዳፋቸውን ሲከፍቱ ይፈረካከሳል። ያኔ ውሃው በቃው።

እሳቱ መለስተኛ ነው። ምጣዱ ሲግል እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ይበትኑትና በማማሰያ ከዳር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ዳር ያገላብጡታል። መጀመሪያ የጥሬ ዱቄት ሽታ ይሸታል፤ እንፋሎቱ ሲያልቅ የቂጣ፣ ቆይቶ የቆሎ ሽታ ይመጣል። ቀለሙም ከነጭ ወደ ዳማ፣ ከዳማ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የሚያወጡት ግን አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው «ገና ነው» በሚልበት ሰዓት ነው። ምጣድ ከእሳት ቢርቅም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ እንኩሮውም ራሱ የያዘው ግለት ትንሽ ያጠቁረዋል። እሳቸው ያንን የቀረውን መጥቆር አስበው ነው የሚያነሱት። ይህን ማንም ሰው በቃል ሊያስተምር የሚችል አይመስለኝም፤ ዓይንና አፍንጫ ብዙ ምጣድ ካሳለፉ በኋላ ብቻ የሚገኝ ነው።

ቀለሙንና መዓዛውን ማንም ያያል፤ ከሥሩ ያለው ሥራ ግን ይበልጣል። ገብስ ውስጥ ያለው ስታርች ጥሬውን እንደሆነ ብቅሉ በቀላሉ አይደፍረውም። ውሃና ሙቀት አብረው ሲያገኙት ያብጣል፣ ይላላል፤ ያኔ ብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች እየቆራረሱ ስኳር ያደርጉታል። እርሾው የሚበላውና ወደ አልኮል የሚለውጠው ያንን ስኳር ነው። ዱቄቱ በደረቁ ቢታመስ ይጠቁራል እንጂ በወጉ አይላላም፤ ውሃው አስቀድሞ የሚርከፈከፍበት ለዚህ ነው። ኢንዛይሞቹ ራሳቸው ደግሞ ብዙ ሙቀት አይችሉም፤ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ ብዙም ሳይቆዩ ይበላሻሉ። እርሾው ከዚያም በታች መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ትኩስ እንኩሮ ጋን ውስጥ የጨመረች ጠማቂ ጠላዋን በገዛ እጇ ገደለችው ማለት ነው። እኚህ እናት ቴርሞሜትር ይዘው አያውቁም። እንኩሮውን ሰፌድ ላይ ያሰጡትና የእጃቸውን ጀርባ መሐሉ ላይ ያሳርፋሉ። ዳር ዳሩ ቀዝቅዞ መሐሉ ትኩስ እንደሚቆይ ስለሚያውቁ ዳሩን ነክተው አያምኑም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታቸው፣ ገና ትዳር የያዘች ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላ ጠመቀች። ለሐምሌ ማርያም የማኅበሩ ተራ የሷ ነበር። ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ዘፈዘፈች። በሦስተኛው ቀን ብቅልና ቂጣ ጨምራ ጠነሰሰች። ከዚያ እንኩሮውንና የጌሾውን እንጨት ከታ ደፈደፈች። ድፍድፉ ሁለት ቀን ሙሉ ሲንሾካሾክ ሰነበተና ዝም አለ። ልጅቷ ነጠላዋን በወጉ ሳታጣፋ መጣች።

«እትዬ፣ ድፍድፌ ሞተብኝ መሰለኝ። ድምፅ የለውም።»

«ከፍተሽ አየሽው?»

«ኧረ ስንት ጊዜ!»

«በይ ነዪ፣ አንድ ጊዜ አብረን እንየው። ከዚያ በኋላ ግን እጅሽን ሰብስቢ፣ የኔ ልጅ።»

ተከትያቸው ሄድኩ። እዚያ ያየሁት ምርመራ ከማንኛውም ባለሙያ የሚጠበቅ ዓይነት ነበር። ክዳኑን ለመክፈት አልቸኮሉም። መጀመሪያ አጠገቡ የነበረውን የውሃ እንስራ በመዳፋቸው ነኩት፤ ቀጥለው የጋኑን ሆድ ነኩ። የሚፈላ ድፍድፍ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ጋኑ ከእንስራው ሞቅ ማለት ነበረበት። ሁለቱም እኩል ይቀዘቅዙ ነበር። ከዚያ ጆሯቸውን ሸክላው ላይ ለጥፈው ቆዩ። ድፍድፍ ወፍራም ነው፤ ጋዙ እንደሚፈላ ውሃ እኩል አይወጣም፤ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ በአንድ በኩል ሰንጥቆ ይወጣል፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። የቸኮለ ጆሮ ያንን ዝምታ ብቻ ሰምቶ ይመለሳል። እሳቸው የቆዩት ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ምንም አልሰሙም።

ክዳኑን የገለጡት በመጨረሻ ነው። ፊቱን አዩት። ድፍድፍ በደህና ሲፈላ ጋዙ እህሉን ወደ ላይ ስለሚገፋው ከላይ ወፍራም ቅርፊት ይሠራና ይሰነጣጠቃል፤ ሥራው ሲያልቅ እህሉ ይዘቅጥና ፈሳሹ ከላይ ይጠላል። የልጅቷ ድፍድፍ በሁለቱ መካከል ነበር፤ ቅርፊቱ ግማሹ ጠልቋል፣ ግማሹ ተንሳፏል። በጭልፋ ጫፍ ቀዱና ቀመሱ። ለልጅቷም ሰጧት።

«ምን ይላል?»

«ይጣፍጣል፣ እትዬ።»

«ይጣፍጣል አይደል? የሚበላው ተርፎታል፣ አልጨረሰም። በርዶት ተኝቷል እንጂ አልሞተም።»

መፍትሔው ማሞቅ ብቻ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሐምሌ ሌሊቷን ያደረ ያውቀዋል። እርሾ ሲበርደው ሥራውን ያቆማል፣ ሲሞቀው ይቀጥላል። ጋኑ ጓዳ ውስጥ፣ ባዶ መሬት ላይ ነበር የተቀመጠው። ወደ ማድ ቤት ወስደው ጭድ ላይ አስቀመጡት፤ በአሮጌ ጋቢም ጠቀለሉት። አፉን በንጹህ ጨርቅና በላስቲክ ሸፍነው በገመድ አሰሩት፤ ዱሮ ቢሆን በጭቃ ይመረግ ነበር።

በኋላ እንደነገሯት፣ ድፍድፉ ዝም ብሎ ሲቀምሱት ጣፋጭነቱ ጠፍቶ የጌሾው ምሬት ብቻ ከቀረ ስኳሩ አልቋል፤ ውሃ የሚጨመርበት ጊዜ ደርሷል። ከጉሮሮ የሚይዝ ኮምጣጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ቀድሞ ገብቶበታል፤ እሱን ጋቢ አያድነውም።

በውጭ አገር በየቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ጭንቀትም ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ለቤት ፍጆታ ቢራ መጥመቅን በፌዴራል ደረጃ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ሁሉ የሚያፈጠው ክዳኑ ላይ በተሰካችው፣ ውሃ በያዘች ትንሽ የጋዝ ማስወጫ ላይ ነው። አረፋዋ ብቅ ማለት ሲያቆም ቢራው የተበላሸ ይመስለዋል። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ግን ጋዙ በሌላ ቀዳዳ ይወጣል፤ ማስወጫዋ ፀጥ ብላ ቢራው በደህና ሊፈላ ይችላል። ልምድ ያላቸው ስለዚህ ሃይድሮሜትር ይጠቀማሉ። ፈሳሹ ውስጥ የምትንሳፈፍ የብርጭቆ መለኪያ ናት፤ ንጹህ ውሃ ላይ 1.000 ታነባለች፣ ስኳር በበዛበት ላይ ከፍ ትላለች። ያልፈላ የቢራ ጭማቂ ብዙ ጊዜ 1.050 አካባቢ ጀምሮ 1.010 አካባቢ ያበቃል። ቁጥሩ 1.030 ላይ ቆሞ ቀናት ከተቆጠሩ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተኝቷል ማለት ነው። የደብረ ብርሃኗ እናት በጭልፋ ጫፍ የለኩት ይህንኑ ነው፤ የቀረውን ስኳር። ምላሳቸው ቁጥር አይጽፍም እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፣ መልሱም አላሳሳታቸውም።

የእሳቸው ሥራ እንዲያውም በአንድ በኩል ይከብዳል። ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ኮፐንሃገን ባለው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ከአንዲት ህዋስ የተራባ ንጹህ እርሾ በ1883 እ.ኤ.አ. ለጠመቃ ካበቃ ወዲህ የቢራ ፋብሪካ የሚያስገባውን እርሾ አውቆ ነው የሚያስገባው። ጠላ ላይ ግን እርሾ ለይቶ የሚጨምር የለም። ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከጋኑ ግድግዳ ይመጣል፤ አብረውትም የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች ይመጣሉ። ጠማቂዋ ማድረግ የምትችለው ለአንዱ መንገዱን ማቅናት፣ በሌላው ላይ ማጥበብ ነው። ግራዋው፣ የወይራው ጭስ፣ የጌሾው ምሬት ሁሉ ለዚህ ነው።

ማጠኑን ተመልከቱት። ጋኑ በሚጨስ የወይራ ስንጣሪ ላይ ይደፋል፤ ሸክላ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ጭሱን ይጠጣዋል። ሳይጠግብ ቢነሳ የአምናው ጠላ ቅሪት በውስጡ ይቀራል፤ ከልክ በላይ ቢቆይ ጠላው ጭስ ጭስ ይላል። እኚህ እናት ጋኑን ቀና አድርገው አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሰገግ ያደርጋሉ፤ አሮጌ የኮመጠጠ ሽታ በጭሱ ውስጥ ትንሽም ቢሆን ከሸተታቸው መልሰው ይደፉታል። አንድ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ሲደፉት አይቻለሁ፤ ቤቱ ሙሉ ሰው እየጠበቃቸው ነበር፣ ማንንም ቀና ብለው አላዩም።

አብዛኛው ሙያቸው የሚያልቀው እንግዲህ ድፍድፉ ሳይደፈደፍ ነው። ከዚያ በኋላ ጋኑን መተው የሚችሉትም ለዚህ ነው። ልጅቷ ጭንቀቷን ሁሉ ያከማቸችው ጋኑ አፍ ላይ ነበር፤ ጭንቀት የሚገባው ጊዜ ግን ምጣዱና ጭሱ ላይ አልፏል። ደግሞም መክፈቱ ራሱ ጉዳት አለው። ከድፍድፉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ጋኑ ውስጥ ከላይ ተኝቶ ይጠብቀዋል፤ ክዳን በተነሳ ቁጥር ይበተንና አየር ይገባል። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች የሚፈልጉት አየር ነው። የቤት ጠላ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፤ ፊልተር ጠላ ከ5 እስከ 6 ይደርሳል። በዚህ መጠን ራሱን ብዙ መከላከል አይችልም።

ጋቢው ሠራ። በማግስቱ ማታ ጋኑ ሞቅ ብሎ ነበር፤ ድምፁም ተመለሰ፣ ቅርፊቱም ተነሳ። ልጅቷ ሳትከፍተው ሰነበተች፤ ጣፋጭነቱ ሲያልቅ ውሃ ጨምራ መልሳ አሰረችው። የማኅበሩ ዋዜማ ላይ ጠለለ። እናትየው መጥተው ከላይ የተቀዳውን በብርጭቆ ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ዞሩ፤ ቀለሙን አዩ፣ አሸተቱ፣ አፋቸው ውስጥ ያዝ አድርገው ዋጡት። ለጥቂት ጊዜ አልተናገሩም። ልጅቷ ጣቶቿን ታፍተለትል ነበር።

«ጌሾሽ በዝቷል» አሏት። «ዋጥኩት፣ ምሬቱ ግን ምላሴ ላይ ቁጭ ብሏል። እንጨቱን ሲሦ ቀንሺለት። እንኩሮሽ እኩል ነው የታመሰው፤ ያረረ የለበትም፣ ጥሬ የለበትም፤ እሱን እንዳትነኪው። በክረምት ስትጠምቂ ደግሞ አራት ቀን ቀደም ብለሽ ጠንስሺ፣ ጋኑንም መሬት ላይ አታስቀምጪ።»