ስድብን የከለከለው ዐዋጅና የደብተራው ክታብ

ዐዋጅ በባሕርዩ ደረቅ ነው። አድርግ፥ አታድርግ፥ ይህን የተላለፈ ይህ ቅጣት ያገኘዋል ብሎ ያበቃል። ዳሩ ግን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር ያስነገሩት ዐዋጅ እንደ ድርሰት ሊነበብና ሊመዘን የሚገባው ነው። ንጉሡ በዚያ ዐዋጅ ከሕዝባቸው ጋር ይከራከራሉ። ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ የሚጽፈውን፥ የሚያርሰውን፥ የሚነግደውን በየተራ እየጠሩ የወጣለትን የስድብ ስም ይዘረዝራሉ፤ ብረት ሠሪው ጠይብ፥ ጸሓፊው ጠንቋይ፥ ገበሬው አፈር ገፊ መባሉን ሳይሸፍኑ ይነግሩናል። ቀጥሎም የሁሉ ግንድ አዳምና ሔዋን መሆናቸውን ያስታውሳሉ፤ በሌላው አገር አዲስ ሥራ የሚያወጣ ሰው እንደሚመሰገን ያመለክታሉ፤ ያለፈውን ይተዋሉ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ግን ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ነው ብለው የአንድ ዓመት እስራት ይቈርጡበታል።

የዚህ ጽሕፈት ብርታት በእስራቱ አይመስለንም። በየአምባውና በየገበያው የሚሰነዘረውን ስድብ ሁሉ የሚሰማ ዳኛ፥ ተሳዳቢውን ሁሉ የሚይዝ ወኅኒ ቤት ከየት ይገኛል? ብርታቱ በዝርዝሩ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። እስቲ አንድ ባላገር ዐዋጁ ሲነገር በገበያ መካከል ቆሞ እንደ ሰማ እናስብ። ይህ ሰው ቀጥቃጩን ሲሰድብ የኖረ ነው። ዐዋጁ ግን ተሳዳቢነቱን ብቻ ነግሮ አያልፈውም፤ ተሰዳቢነቱንም ያስታውሰዋል። መኳንንቱ አፈር ገፊ እያሉ ሲጠሩት የተሰማውን ቍጭት ካስታወሰ በኋላ፥ በዚያው በተነካ ልቡ የጎረቤቱን የቀጥቃጩን ነገር እንዲሰማ ይደረጋል። ከማይስማማን ሰው ጋር በክብር መነጋገር ማለት አንዱ መልኩ ይህ ነው። የተበዳይነት ወንበር አስቀድሞ ከተሰጠው፥ የበዳይነቱን ክስ ተቀምጦ ለማዳመጥ አይከብደውም።

ነገር ግን ዐዋጁ ነቀፌታ የለበትም አንልም። ስድብን ሲከለክል ተሳዳቢውን ራሱን ሰነፍ ይለዋል። ስንፍና በመጽሐፍ ቋንቋ አለማወቅ ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ሆኖም በገበያ ለቆመው ሰው ስድብ ስድብ ነው። ሰነፍ የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ማስረጃ አይሰማም፤ የራሱን ብልኅነት ለማስመስከር ይቸኩላል እንጂ።

ይህን ጉዳይ የደብረ ታቦር ሰው ከማንም ይልቅ አጥርቶ ሊያየው ይገባ ነበር። ከከተማው አጠገብ ባለችው በጋፋት በ1850ዎቹ ዓመታት ዋልድማየርና ባልንጀሮቹ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲያቀልጡ፥ ሴባስቶፖል የተባለው ያ ታላቅ መድፍ ሲወጣ፥ እሳቱ እሳት፥ ወናፉም ወናፍ ነበረ። በጋፋት ብረት ያቀለጠው ፈረንጅ ብልኅ ተባለ፤ በመንደሩ ማረሻ የሚያሾለው ያገር ልጅ ግን ቡዳ ተባለ፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በ1860 ዓ.ም. መድፉ ወደ መቅደላ ሲጓዝ በመንገዱ ሥራ ከወታደሩ ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር፤ እርሳቸውም የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባሉ ተሰድበዋል። ስለ ቴዎድሮስ የተጻፈውን ልብ ወለድና ተውኔት ሁሉ ስናነብ ለኮሶ ሻጭዋ ልጅ እናዝናለን፥ ከሰዳቢዎቹም ጋር እንጣላለን። መጽሐፉን አጥፈን ስንነሣ ግን የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ለልጃችን አናጭም። የንባብ እንባ ርካሽ መሆኑ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጽሕፈት፥ ወደ ክታቡ እንምጣ። እርሱን መጻፉንና በአንገት ማንጠልጠሉን ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም፤ እኛም እዚህ የምንመለከተው እንደ ጽሕፈት ብቻ ነው። በብራና የተጻፉትን እነዚያን ጥቅሎች የተረጐመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ባርያና ሌጌዎን ከሚባሉት አጋንንት ጋር ነሃቢ፥ ማለት ብረት ቀጥቃጭ፥ በብዙዎቹ ላይ ተሰልፎ ይገኛል። ሌጌዎን ከማርቆስ ወንጌል መጣ። ባርያ ግን ከየት መጣ? ከቤታችን ጓሮ አይደለምን? ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ቀረ፤ የባርያ ስም ግን በብራናው ላይ የሰይጣን ስም ሆኖ ኖረ። የሰውን ስምና የጋኔንን ስም በአንድ መሥመር የጻፈው ብርዕ፥ ከተሳዳቢው አፍ ይልቅ ሩቅ ተጕዟል።

የምኒልክ ዐዋጅ መልስ ያልሰጠውም ለዚህ ነው። ዐዋጁ ስድብን ከትዕቢት የመጣ አድርጎ ይቈጥራል፤ የባለ እጅን ጥቅም እየነገረም ትዕቢተኛውን ይረታል። በጉና ተራራ ግርጌ ልጇ በሌሊት የሚያቃዣት እናት ግን ከቀጥቃጩ ፊት ልጇን የምትሸሽገው በትዕቢት አይደለም፤ ስለምትፈራ ነው። ማረሻ ጠቃሚ ነው ቢሏት፥ ማን ጠቃሚ አይደለም አለ ብላ ትመልሳለች። ለእርስዋ አላዋቂ ነሽ ማለት ምን ይጠቅማል? ልጅሽ እንዴት ዋለ፥ ትኵሳቱ መቼ ጀመረው፥ ወደ ሐኪም ወስደሽዋልን ብሎ የሚጀምር ሰው ስለ ቀጥቃጩ የሚናገረውን ለመናገር ፈቃድ ያገኛል። የልጁ ነገር ሳይጠየቅ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የሚሰበክላት ስብከት፥ እውነት ቢሆንም፥ ጆሮዋ አይደርስም።

ከእናቲቱ ይልቅ የሚያስቸግረን ግን በትሕትና የሚቃወመን ሰው ነው። እኛ ማንንም አንሰድብም፤ እነርሱ በራሳቸው እኛም በራሳችን እንኖራለን፤ ጋብቻ ግን የአጥንት ነገር ነው ይላል። ራሱንም ጨዋ ይለዋል። (በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ጨዋ ማለት ያልተማረ ማለት መሆኑን ስናስታውስ ፈገግ እንላለን።) ለዚህ ሰው የርስቱን ታሪክ ማስታወስ ይሻላል። በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ይስሐቅ ዘመን፥ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይውረስ፥ ፈላሲ ይሁን እንደ ተባለ ይተረካል፤ ፈላሻ የሚለው ስም ከዚያ እንደ ወጣ ብዙዎች ይናገራሉ። መሬት የተነሣው ሰው ብረትና ሸክላ ይዞ ቀረ፤ ብረትና ሸክላ በመያዙም ተናቀ። ጨዋው ንጹሕ አጥንት የሚለው ነገር ግማሹ የርስት ነገር ነው። ይህንንም እንደ ክስ ብናቀርብለት ይቈጣል፤ የአባቱን ርስት ድንበር ሲተርክልን ቆይተን፥ ያን ጊዜ ድንበርተኛው ማን ነበረ ብንለው ግን ራሱ ቈጥሮ ይደርስበታል።

ከጎንደር አገር የነበሩት ቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ ከአዲስ አበባ፥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ በአውሮፕላን ተጭነው ወደ እስራኤል ሄዱ። በዚያስ? በ1988 ዓ.ም. ጥር የለገሱት ደም በሽታ ይኖርበታል ተብሎ በስውር ሲጣል እንደ ኖረ ተገለጠ፤ በኢየሩሳሌምም ታላቅ ሰልፍ ወጣ። ደሙን የጣሉት ሰዎች ራሳቸውን ተሳዳቢ አላሉም፤ የሕዝብን ጤና እንጠብቃለን አሉ። በጉና ግርጌ ያለችው እናትም የልጄን ጤና እጠብቃለሁ ነው የምትለው። ፍርሃት በነጭ ካባም ቢሆን በጋቢ ያው ፍርሃት ነው፤ ልዩነቱ የተማረው ሰው ፍርሃቱን ለመመርመር መሣሪያ እያለው አለመመርመሩ ነው።

በኦሪት ዘኍልቍ በ12ኛው ምዕራፍ ማርያምና አሮን ሙሴን ስላገባት ኢትዮጵያዊት እንዳሙት ተጽፏል። እኛ ይህን ታሪክ ለክብራችን እንጠቅሰዋለን። በእኛ ገበያ ግን ያቺ ሴት የቀጥቃጩ ልጅ መሆንዋን፥ ከአሮን ወገን የቆምነውም እኛ መሆናችንን የሚያስተውል ሰባኪ ጥቂት ነው። ማርያም በለምጽ ስትመታ ሙሴ ጸለየላት፤ ሕዝቡም ከሰፈር ውጭ እስክትመለስ ሰባት ቀን ሳይጓዝ ቆያት።

በደብረ ታቦር ዙሪያ ክታብ የሚጽፍ ሰው የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ሳይቈጣና ሳይዘልፍ ይህን ይጠይቅልን፦ የኔታ፥ ሌጌዎንን ከማርቆስ አገኙት፤ ነሃቢን ከየትኛው ወንጌል አገኙት? መልሱን መጻሕፍቱን አገላብጠው እስኪያመጡ ድረስም ጊዜ ይስጧቸው፤ ሰባት ቀን ቢሆን አይበዛም።