ስለ «ቴክ» እና ስለ «ወሰደ»

አንድ ቃል በአንድ ቋንቋ ውስጥ ብዙ ሥራ ሲሠራ ብናይ፣ በሌላው ቋንቋ አቻው ነው የምንለው ቃል ያንኑ ሁሉ ሥራ ይሠራል ብለን ልንገምት አይገባንም። ይህንንም ለማስረዳት እንግሊዞች ከአፋቸው የማይለዩትን «ቴክ» የተባለውን ግሥ መመልከት ይበቃል። ተማሪ ገና እንግሊዝኛ ሲጀምር «ቴክ ማለት ወሰደ ነው» ብሎ ያጠናዋል። ያጠናው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከብዙው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1755 ዓ.ም. ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ ለአንድ ግሥ 134 ፍች ቈጥሮለታል። በመቅድሙም፣ ትርጕማቸው ልቅ በመሆኑ ድካሙን ካበዙበት ግሦች መካከል አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። ይልቁንም የሚያስገርመው ቃሉ በትውልዱ እንግሊዝኛ አለመሆኑ ነው። በባሕር መጥተው በእንግሊዝ አገር የሰፈሩት ስካንዲናቪያውያን ይዘውት የመጡ ሲሆን፣ ቀድሞ በዚያ አገር ይነገር የነበረውን «ኒማን» የተባለውን ግሥ ቀስ በቀስ ከቦታው አስለቅቆታል። የዚያም ግሥ ትራፊ ዛሬ የደነዘዘ አካልን በሚገልጹበት «ነም» በተባለው ቃል ውስጥ ይገኛል።

እንግሊዛዊው በዚህ በአንድ ግሥ የሚገልጸውን ሁሉ የእኛ ቋንቋ ለየብቻው ስም ሰጥቶታል። እርሱ «ቴክ» በሚልበት ስፍራ እኛ ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ ማስታወሻ እንይዛለን፤ ሙቀት እንለካለን፤ በአውቶቡስ እንሳፈራለን፤ ምክር እንቀበላለን፤ መሐላ እንፈጽማለን። ከግሡ ጐን አጭር ቃል ሲያስጠጋበት ደግሞ ጫማ ይወልቃል፤ አውሮፕላን ከምድር ይነሣል፤ ልጅ እናቱን ይወጣል። እንግሊዝኛ ልዩነቱን በሚያስጠጋቸው ቃላት ሲያስታውቅ፣ ዐማርኛ በየግሡ ያስታውቃል። ስለዚህ የግሦቻችን ብዛት ትርፍ ጌጥ ሳይሆን ነገርን ከነገር የምንለይበት መሣሪያ ነው።

«ወሰደ»ም ቢሆን የራሱ ባሕርይ አለው። ጎርፍ ማሳን ይወስዳል፤ እንቅልፍ ሰውን ይወስዳል፤ መንገድ ወደ ገበያ ይወስዳል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ካለበት ተነሥቶ ወደ ሌላ መሄዱ ይሰማል፤ የቃሉም እምብርት ይኸው ነው።

ዛሬ ግን በትምህርት ቤት፣ በቢሮና በዜና የምንሰማው ሌላ ነው። «ፈተና ወሰደ»፣ «ኮርስ ወሰደ»፣ «ዕረፍት ወሰደ»፣ «ሻወር ወሰደ» ይባላል። ተፈተነ፣ ተማረ፣ ዐረፈ፣ ታጠበ የተባሉት ቃላት ምን በድለው ከቦታቸው ተነሡ? እንግሊዝኛ ያልሰማ አባት «ልጅህ ፈተናውን ወሰደ» ቢሉት፣ ልጁ ወረቀቱን ይዞ የሄደ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገሩ የጆሮ ምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን የሐኪም ቤት ባለሙያ አንዱን በሽተኛ «መድኃኒቱን ወስደዋል?» ብሎ ጠየቀ እንበል። በሽተኛው መድኃኒቱን ተቀብሎ ከቤቱ መደርደሪያ ላይ አኑሮት ሳለ «አዎን፣ ወስጃለሁ» ብሎ በቅንነት ሊመልስ ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሆኖም አልተግባቡም። «ውጠውታል?» ወይም «ጠጥተውታል?» ቢባል ኖሮ ስሕተቱ ባልተፈጠረ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ «እርምጃ ተወሰደ» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር አድራጊውን ይሸሽጋል፤ የተደረገውንም አይገልጥም። ተግሣጽ ይሁን፣ የደመወዝ ቅጣት ይሁን፣ እስራት ይሁን፣ ሰሚው አያውቅም። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የደርግ አገዛዝ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲባል ያለ ፍርድ ተገደሉ ማለት ነበር። «ተገደሉ» ቢባል ሰሚው ወዲያው «ማን ገደላቸው? ስለ ምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እርምጃ» ግን ጥያቄውን ገና ሳይወለድ ያስቀረዋል። ቃል በደበዘዘ ቊጥር ተጠያቂነትም አብሮ ይደበዝዛል።

ይህን ስንል ከውጭ የመጣ አነጋገር ሁሉ ይባረር ማለታችን አይደለም። እንግሊዝኛ ራሱ ይህን የመሰለውን ዋና ግሡን ከባዕድ እንደ ተቀበለ ከላይ አይተናል። «ጊዜ ይወስዳል» የሚለውም፣ «ይፈጃል» የተባለ ቃል እያለን የገባ ቢሆንም፣ ማንንም አያሳስትም፤ ጊዜ ከእጅ የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ ከቃሉ ባሕርይ ብዙ አይርቅም። ሚዛኑ እንግዲህ የቃሉ አገር ሳይሆን ሥራው ነው፤ ይኸውም ነገሩን ያብራራል ወይስ ያጨልማል ብሎ መጠየቅ ነው።

መምህራን የእንግሊዝኛን ግሥ ለብቻው ነጥለው ከአንድ የዐማርኛ ቃል ጋር ከሚያጣምዱት ይልቅ፣ ከሚያስከትለው ስም ጋር አድርገው ቢያስተምሩት ተማሪው ሁለቱንም ቋንቋዎች አጥርቶ ያውቃል። ደብዳቤና መግለጫ የሚጽፉ ሹማምንትም «እርምጃ ተወሰደ» ከማለታቸው በፊት ማን፣ በማን ላይ፣ ምን እንዳደረገ በግልጥ ቢጽፉ፣ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ባለጉዳዩንም ያከብራሉ።