ኪኒን አልሰማ ያለ እብጠት

ነቀምቴ ላይ ከሻምቡም ከጊምቢም ከአርጆም የሚመጡ ወንዶችን አያለሁ። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚነግሩኝ "ወገቤን ያመኛል" ብለው ነው። ዋናው ጉዳይ የሚወጣው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፦ "ዶክተር፣ ፍሬዬ አብጧል።" ካበጠ ወራት አልፈውታል፤ ኪሱ ውስጥም ባዶ የሲፕሮፍሎክሳሲን (የፀረ-ባክቴሪያ ኪኒን) ማሸጊያ አለ።

እዚህ አካባቢ የቆለጥ እብጠት ሲባል ሰው ቶሎ ዝሆኔን ያስባል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው ዝሆኔ ግን ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ቆለጥ ላይ እምብዛም አይደርስም። ቆለጥ ውስጥ ውሃ ከሚያቋጥሩት ነገሮች አንዱ በትንኝ የሚተላለፈው የፋይላሪያ ትል ነው። የባትሪ መብራት ከኋላ ሳስጠጋበት ቀላ ብሎ ካበራ ውሃ መኖሩን አውቃለሁ።

ካላበራ ሥራው የእጅ ነው። እጄን አሙቄ በጤነኛው ጎን እጀምራለሁ። ፍሬውን ለብቻው፣ ከጀርባው የተለጠፈውን ኤፒዲዲሚስ ለብቻው እዳስሳለሁ። ኤፒዲዲሚሱ ጠጥሮ ብዙም ካላመመው፣ ወደ ላይ የሚሄደው የዘር ቱቦም እንደ መቁጠሪያ ቋጠር ቋጠር ካለ ቲቢ እጠረጥራለሁ። የቆለጡ ከረጢት በስተኋላ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ ካለው ጥርጣሬዬ ይበረታል። ሽንቱ ውስጥ መግል ታይቶ ተራው ካልቸር ምንም ካላበቀለም እንዲሁ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የቲቢን ባክቴሪያ በመጠኑ ስለሚጫነው ሕመሙ ለጊዜው ቀለል ይላል፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚያ መቅለል ነው። ይህ መዘናጋት በጣም ያሳስበኛል።

መግሉንና ሽንቱን ጂን ኤክስፐርት ለተባለው የቲቢ ምርመራ እልካለሁ፣ ደረቱን በራጅ አያለሁ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራም እንዲያደርግ እጠይቀዋለሁ። ጠጣሩ ነገር ራሱ ፍሬው ላይ ከሆነ ግን አልትራሳውንድ ይቀድማል፤ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በከረጢቱ በኩል መርፌ አልሰድም።

ቲቢ መሆኑ ከታወቀ ሕክምናው 6 ወር ነው፦ ለ2 ወር አራት መድኃኒት፣ ለ4 ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። ሪፋምፒሲን ሽንቱን እንደሚያቀላው አስቀድሜ ካልነገርኩት ደም መስሎት ያቆመዋል። "ልጅ እወልዳለሁ ወይ?" የሚለውን ጥያቄም ራሴ አነሳለታለሁ፤ እሱ ለመጠየቅ ያፍራል። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ተስፋው ጥሩ ነው። በሁለቱም ከሆነ በሽታው ቢድንም ጠባሳው ቱቦውን ሊዘጋው እንደሚችል እነግረዋለሁ፤ ከፈቀደ ባለቤቱም ባለችበት።

መድኃኒቱ ሲያልቅ በእጅ የሚዳሰስ ጥንካሬ ሊቀር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ጠባሳ ነው። ወደ ቀዶ ሕክምና የምንሄደው መግሉ አልደርቅ ካለ ወይም ፍሬው ጨርሶ ከተበላሸ ነው።