በውጤት ሰንጠረዥ ውስጥ ስለምትታየው ነጥብ

የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በሕክምና ምርምር ውስጥ ከተስፋፋ ወዲህ ተመራማሪው ቀመር በእጅ ከማስላት ድካም ተገላግሏል። ይሁንና ፕሮግራሙ አንዳንድ ጊዜ በአኃዝ ፈንታ አንዲት ነጥብ ብቻ ያትማል። ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. እና ስታታ ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ አር የተባለው ደግሞ «ኤን ኤ» ብሎ ይጽፋል። ይህች ነጥብ ጽሑፉ ለኅትመት እስኪደርስ የሚገጥማት ዕጣ ያሳዝናል። አንዱ ሰርዞ ባዶ ቦታ ያደርጋታል፤ ሌላው በዜሮ ይተካታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን «በቡድኖቹ መካከል ልዩነት የለም» ብሎ የሚተረጉማት ነው። ነጥቧ እንዲህ አላለችም፤ ያለችው «በቀረበው መረጃ ይህን ጥያቄ መመለስ አይቻልም» ነው።

የሁለት ቡድኖችን አማካይ የሚያነጻጽረውን ቲ ቴስት መመልከት ይበቃል። መረጃቸው ያልተሟላ ታካሚዎች ከወጡ በኋላ በአንደኛው ቡድን አንድ ሰው ብቻ ቀረ እንበል። ስታንዳርድ ዴቪየሽን ሲሰላ አካፋዩ ከናሙናው ብዛት አንድ ተቀንሶ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. በዚያ ቡድን ስታንዳርድ ዴቪየሽን፣ በሌቪን ቴስትና ቫሪያንሳቸው እኩል ላልሆነ ቡድኖች በተመደበው ረድፍ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ቫሪያንሳቸው እኩል ነው ለሚባሉት የተመደበው ረድፍ ግን በአኃዝ ተሞልቶ ይወጣል። የቸኮለ ጸሐፊ የተሞላውን ረድፍ አንስቶ ይሄዳል። በዚህ ረድፍ ያለው ፒ ቫልዩ የተገኘው የትልቁን ቡድን ቫሪያንስ ለአንዱ ሰው በማበደር ነው። ብድሩ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሚመረምረው ሌቪን ቴስት ደግሞ ራሱ በነጥብ ቀርቷል። ጎረቤት ረድፎች ተቃራኒ ነገር ሲናገሩ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መስማት ምርምር አይባልም።

ነጥብ ሁሉ ግን የጉድለት ምልክት አይደለም። በካፕላን ማየር ዘዴ ሕሙማን በሕይወት የሚቆዩበት ጊዜ ሲጠና፣ ክትትሉ እስኪያበቃ ኩርባው ወደ 50 በመቶ ካልወረደ የሚዲያኑ ቦታ በነጥብ ይታተማል። ይህ የምሥራች ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በሚደረጉ የክትትል ጥናቶች ነጥቧ ብትገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ጸሐፊው ግን እንደ ውድቀት ቆጥሯት በምትኩ የቆይታ ጊዜውን አማካይ ይጽፋል። ይህ አማካይ ክትትሉ በቆመበት ዕለት የተቆረጠ ስለሆነ፣ ከሕሙማኑ ዕድሜ ይልቅ ጥናቱ የፈጀውን ጊዜ ይከተላል።

የምሥራቹም ቢሆን ሳይመረመር አይታመንም። ከክትትል የጠፋ ታካሚ እስከ መጨረሻ ቀጠሮው በሕይወት እንደነበረ ብቻ ተቆጥሮ ከስሌቱ ይወጣል። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች የጠፉ ሕሙማንን ፈልገው ያገኙ ጥናቶች ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ሞተው እንደነበር ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ የጠፉት ቁጥር ከነጥቧ አጠገብ ካልተጻፈ ኩርባው ከፍ ያለው በመድኃኒቱ ይሁን በመዝገቡ ጉድለት አንባቢው ሊለይ አይችልም።

ከምትታየው ነጥብ ይልቅ የማትታየው ይበልጥ ታስፈራለች። ስታታ የጎደለ እሴትን ከማንኛውም አኃዝ የሚበልጥ አድርጎ ይቆጥራል። የላይኛው የደም ግፊት መጠኑ 140 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ «ግፊት አለበት» ተብሎ እንዲመደብ ቢታዘዝ፣ ግፊቱ ጨርሶ ያልተለካውም ሰው ከሕሙማኑ ጋር ይደመራል። ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. እና አር ያልተለካውን ያልተለካ አድርገው ይተዉታል። እርግጥ የስታታ ደንብ በመመሪያ መጽሐፉ በግልጽ ሰፍሯል፤ መመሪያ መጽሐፍ የሚገልጥ ቢገኝ። በውጤቱ ገጽ ላይ ግን ምንም ምልክት አይወጣም። ሰንጠረዡ ሙሉ ነው፣ ድምሩ ይገጥማል፣ ፒ ቫልዩውም በቦታው አለ፤ የተሳሳተው የበሽታው ስርጭት መጠን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የስትሮብ መመሪያ ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ መረጃቸው የጎደለ ተሳታፊዎች ስንት እንደሆኑ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ገምጋሚዎች ይህን ቁጥር ሳያገኙ ጽሑፍ ባያሳልፉ፣ በተጨማሪም ፕሮግራሙ ያወጣው የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ከነግርጌ ማስታወሻው እንዲቀርብ ቢያስገድዱ ተገቢ ነው። ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. ስሌቱ ለምን እንዳልተቻለ ብዙ ጊዜ የሚናገረው በዚያች ማስታወሻ ነው፤ ሰንጠረዡ ወደ ጽሑፉ ሲገለበጥ ቀድማ የምትጠፋውም እርሷ ናት።